ሃያ ሁለት ጊዜ አንድ ደብዳቤ

ጥቅምት 4

ለልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። ደህና ብትሆኚ ኖሮ አንቺ እዚያ የሆስፒታል አልጋ ይዘሽ እኔ እዚህ ወረቀት ይዤ አንቀመጥም ነበር። እኔን ከጠየቅሽ ጉልበቴን ያመኛል፤ ሌላው እንደነበረ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰባት ቀን ሆኖታል። የዘገየሁት ኮርቼ አይደለም። አንቺ በአንድ ትንፋሽ የጻፍሽውን ለማንበብ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፤ መልሱን ለመጻፍ ደግሞ አምስት። የጎልማሶች ትምህርት ቤቷ መምህር፣ በዕድሜ አንቺን የማታህል ልጅ፣ "እትዬ፣ ፊደልዎ እንደተተኮሰ ልብስ ቀጥ ያለ ነው" ትለኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆቴል አንሶላ ስተኩስ የኖርኩ ሴት ፊደል ማቃናት እንዴት ያቅተኛል? አልቃና ያለኝ ሌላ ነው።

ስለ ልጅሽ ጠይቀሻል። ደህና ናት። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ሰፈሩ ወላቃዋ እያለ ይጠራታል፤ እሷም ስሙን ወድዳዋለች። የት ሄደች ስትለኝ እናትሽ ለሥራ ሥልጠና ሄዳለች ብያታለሁ። አትቆጪኝ። ትምህርት ቤት ሄዳ እናቴ ታማለች ብትል ምን በሽታ ነው ይሏታል። እኔስ ምን በሽታ ነው ልበላት? ስብራት ቢሆን ጄሶው ይታያል።

ይዘሻት ነይ ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ያን መድኃኒት የዋጥሽ ዕለት ከትምህርት ቤት መጥታ የተዘጋ በር ስታንኳኳ የቆየችው እሷ ናት። ጎረቤት በሩን ሰብሮ አንቺን ተሸክሞ ሲያወጣ ደረጃው ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ምን እንዳየች እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እስክትድኚ እኔ ጋ ትቆያለች። ከዳንሽ።

የላክሽልኝን ትንሽ መጽሐፍ አይቼዋለሁ። "የስብዕና መታወክ በአዋቂዎች" የሚለው ስሙ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የምታክምሽ ዶክተር እንዳነበው ከፈለገች አነበዋለሁ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ የጀመርኩትን ስለማልተው ነው።

እናትሽ

ጥቅምት 21

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ አንድ ነው ሁለት? በፊተኛው ገጽ በዓለም ላይ ካንቺ በቀር ሰው የለኝም ትያለሽ። ገልበጥ ሳደርገው ደግሞ ልጅሽን የሰረቅሁ ጨካኝ አሮጊት ሆኛለሁ። መልስ የምትጽፍልሽ የትኛዋ ትሁን? ለጊዜው የምትጽፍልሽ ጉልበቷን የሚያማት ናት።

መጽሐፉን ጨርሻለሁ። እንዲህ ያለ ጉድ ተጽፎ እንደሚሸጥ ባውቅ ፊደል የምቆጥረው በሃያ ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ ያሴርብኛል የሚለው ጎረቤታችን ጡረተኛው ነው፤ ማን እንደከፈተው ለማወቅ ውጭ በሩ ላይ ክር ያስራል። እዩኝ እዩኝ የሚለው የላውንደሪው ካቦ ነው፤ ሴት ባየ ቁጥር ደረቱን እንደ አውራ ዶሮ ይነፋል። ትራሱ አንድ ጣት ከተዛነፈ ሥራ የምታስቆመው ደግሞ የክፍሎቹ ተቆጣጣሪ ነች። አባትሽን በሁለት ምዕራፍ አገኘሁት። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪው በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሯ ግን በዕረፍት ሰዓት ወደ ጥግ ወስዳ ይበቃል አለችኝ።

አንቺ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ነሽ። ሰው ይተወኛል ብሎ መርበድበድ ይላል። ጠዋት ወርቅ ያሉትን ማታ ጠላት ማለት ይላል። ቁጣው ከምክንያቱ ይበልጣል፣ ውስጡ ባዶ ይሆንበታል፣ አንዳንዱም ራሱን ይጎዳል ይላል። ጣቴን ከመስመሩ በታች እያስኬድኩ ነበር የማነበው፤ እዚያ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ለእኔ ይህ ሁሉ ጥጋብ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆንሽ የመስኮቱን መስታወት በእጅሽ ስትመቺው ጥጋብ አልኩት። ሦስት ሥራ በሦስት ወር ስትለቂ ጥጋብ አልኩት። የወላቃዋን አባት በሌሊት ልብስሽ እስከ መንገድ ድረስ ስትከተይው ውርደት አልኩት። በሽታ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ቢለኝም አላምነውም ነበር።

ራስሽንስ አገኘሽ ወይ ላልሽው፣ እኔ ስብዕናዬ የሚታወክበት ጊዜ አልነበረኝም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። መጽሐፉ መተውን ይፈራሉ ይላል። ማን ተወሽ? አባትሽ ሲሄድ ገና አትራመጂም ነበር፤ መልኩን እንኳ አታውቂውም። እኔ እንደሆንኩ ይኸው አለሁ። ማን እንደተወሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ

ኅዳር 3

እማዬ፣

ለሁለተኛው ገጽ ይቅርታ። ለመጀመሪያውም ጭምር። ዶክተሯ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ፍርሃት ነው ትላለች።

ሰፈሩን በሙሉ መርምረሽ እንደጨረስሽ ስነግራት ሳቀች። ቀጥላ ግን እንዲህ በያት አለችኝ፤ መጽሐፉ ሰውን ለመረዳት ነው እንጂ ለሰው ስም ለማውጣት አይደለም። ሰው ሁሉ አመል አለው። አመሉ መታወክ የሚባለው ለብዙ ዓመት፣ ቤትም ሥራም ቦታ፣ የባለቤቱን ኑሮ ሲያፈርስ ነው። ጡረተኛው ክሩን አስሮ እንቅልፉን ከተኛ ይተኛ።

ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። እዚህ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትተኛ ልብስ ሰፊ አለች። ገላዋን ልትታጠብ ወጥታ በሩን ስትዘጋ የምትመለስ አይመስለኝም። ጭንቅላቴ ሻወር እንደገባች ያውቃል፤ ሰውነቴ ግን አያውቅም። እጄ ይቀዘቅዛል፣ ልቤ ይመታል። ፀጉሯን እያደረቀች ስትመለስ ለምን አስፈራሽኝ ብዬ ልሰድባት ያምረኛል፤ እግሯ ላይ ወድቄ ላለቅስም ያምረኛል። እሷ የምታየው ስድቡን ብቻ ነው። ሕይወቴ በሙሉ እንዲህ ነበር። አሁን እየተማርኩ ያለሁት ስሜቱ ሲመጣ በስሙ ጠርቼው እስኪያልፍ መቀመጥ ነው። አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል። የሚዋጥ መድኃኒትም ይሰጡኛል፤ ዋናው ሕክምና ግን ንግግሩ ነው፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ግን ይሻለዋል ይላሉ።

ማን ተወሽ ብለሻል። ጥያቄሽን አራት ቀን ይዤው ዋልኩ፤ የምትሳለቂብኝ መስሎኝ ነበር።

በሰባት ዓመቴ አክስቴ ጋ ወሰድሽኝ። ለሁለት ሳምንት ነው አልሽኝ፤ ሁለት ዓመት ሆነ። በየወሩ ደብዳቤ ይመጣል፣ አክስቴ ታነብልኛለች። ቅዳሜ እመጣለሁ ትያለሽ። ቅዳሜ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ እቀመጣለሁ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሲያልፍ አክስቴ መጥታ እጄን ይዛ ትወስደኛለች። ማንበብ ስማር ደብዳቤዎቹን አውጥቼ ደረደርኳቸው። ሃያ ሁለት ናቸው። ሃያ ሁለቱም ቃል በቃል አንድ ናቸው። ምናልባት እናቴ ሌላ ቃል አታውቅም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

አንዱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንዱን ካነበብሽ ሁሉንም አነበብሽ ማለት ነው። ልወቅስሽ አይደለም፤ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ልጅሽ

ኅዳር 19

ለልጄ፣

ደብዳቤውን አነበብኩት። "ውድ ልጄ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ። ለአክስትሽ ታዘዢ። በትምህርትሽ በርቺ። በመጪው ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ። እናትሽ።" የራሴን ደብዳቤ ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የእኔ አይደለም።

ያን ጊዜ ሆቴሉ ለሴት ሠራተኞቹ አልጋ ይሰጥ ነበር፤ በአንድ ክፍል ስድስት ሴት። ልጅ ይዛ የተገኘች በማግስቱ ትባረራለች። ስለዚህ አክስትሽ ጋ ወሰድኩሽ። ሁለት ሳምንት ያልኩሽ ክፍል ላገኝ ነው ብዬ አምኜ ነው፤ አልዋሸሁሽም። ክፍል ሳጣ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ወደሚቀመጠው ደብዳቤ ጸሐፊ ሄድኩ። ያልኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። "አልጋ እንጂ ቤት የለኝም በልልኝ። ቤት እስካገኝ አልመጣም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አትጠብቂኝ በልልኝ።" በሌላው ወር እጄን ካውያ እንዳቃጠለኝ ነገርኩት። በሌላው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ቢጫ ጫማ አይቼ በጣቴ ስንዝር እንደለካሁልሽ። ብዕሩ ሲንሸራተት እሰማለሁ። አንብብልኝ ስለው ወረቀቱን እያየ ያልኩትን ሁሉ አንድ ቃል ሳያጎድል ይመልስልኛል። ምን አውቄ ልጠራጠር? ለእኔ ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ጭረት ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ፈልጌ ሄድኩ። አለ፤ አርጅቷል፣ አንድ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፤ አሁን ለሰው ፎርም ይሞላል። ወረቀቱን ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና የጠፋ ልጁን ያገኘ ይመስል ፈገግ አለ። የእኔ ጽሕፈት ነው አለኝ። እኔ ያልኩህ ሌላ የጻፍከው ሌላ፣ አትጠብቂኝ በልልኝ ነበር ያልኩህ አልኩት። አላስታወሰኝም። ከየት ያስታውሰኝ?

"እህቴ፣" አለኝ፣ "ልጅ ናት ብለሽኝ ይሆናላ። ለልጅ ክፉ ወሬ አይጻፍም። ይቺን ደብዳቤ ለስንት እናት ጽፌያታለሁ፤ አንዷም ተመልሳ አልከሰሰችኝም።"

"ማንበብ የማትችል ሴት ምን ብላ ትክሰስህ?" አልኩት።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ ስድብ አጣሁ። እኔ ስድብ አጥቼ አላውቅም። እንደ እኔ ስንት ሴት ፊቱ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ዘርግፋ፣ ልቧ ቀሎላት እንደሄደች አሰብኩና ተነሣሁ።

እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ጥፋቱ የእሱ ሆኖ፣ አንቺም እኔም ተበዳይ ሆነን፣ ተቃቅፈን አልቅሰን እንጨርሰው ነበር። ግን መምህሯ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ ትለኛለች።

በስንት መከራ አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝቼ ልወስድሽ ስመጣ አልሮጥሽም። በሩ ላይ ቆመሽ "አንቺ ውሸታም ነሽ" አልሽኝ። አክስትሽ ፊት በጥፊ መታሁሽ። ሁለት ዓመት አንሶላ ስተኩስ የኖርኩት ውሸታም ለመባል ነው ወይ ብዬ። ለምን አልሽኝ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ብጠይቅሽ ደብዳቤዎቹን ታመጪ ነበር፤ ያን ዕለት ሁሉ ነገር ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት ያሳደግኩሽ በአንድ አርጩሜ ነው። ብርጭቆ ስትሰብሪ "አክስትሽ ጋ እመልስሻለሁ"። ስታለቅሺ "እመልስሻለሁ"። ስታቅፊኝ እንኳ፣ ስደክም፣ "ልቀቂኝ፣ እመልስሻለሁ"። ጭጭ ትያለሽ። ይሠራልኝ ስለነበር ደጋገምኩት። ያንን ማንም ጸሐፊ አልጻፈልኝም፤ በራሴ አፍ ነው ያልኩት።

ዶክተሯ ስለ ልጅነትሽ እንድጽፍላት ጠይቃኝ ነበር፤ ይህንኑ ጽፌ ልኬላታለሁ። ካፈርኩ ማፈሬን አንቺም እወቂው።

እናትሽ

ታኅሣሥ 1

እማዬ፣

ወዲያው ያልመለስኩት ስላልቻልኩ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ የምደሰት መስሎኝ ነበር፤ የመጣው ቁጣ ነው። ያን ጸሐፊ ልገድለው፣ አንቺን ልገድልሽ፣ ራሴን ልገድል ፈለግሁ። በስሙ ጠራሁት፣ ተቀመጥኩ። አላለፈም። ሄጄ ለነርሷ ነገርኳት፤ አብራኝ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው እንጂ እንድትጨነቂ አይደለም። ከዚህ በፊት ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ዶክተሯን ታዲያ ይኸው ምክንያቱ ተገኘ አልኳት። እንዲህ በቀላሉ አይገኝም አለችኝ። አክስቴ ጋ ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እነሱንም እናታቸው ትታቸው ነበር፤ አንዱ ዛሬ ደልቶት ይኖራል። እኔ ስወለድም ቆዳዬ ስስ ሳይሆን አልቀረም። ቀሪውን ደግሞ እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ልጄን በር ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። ያንን ለማንም ላሸክመው አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሥልጠና ሄዳለች አትበያት። እኔ ስንት ነገር እንደገመትኩ አታውቂም፤ ልጅ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላውም በክፉ ነው። እናትሽ ታማለች በያት። ልታያት ትፈልጋለች በያት። ብትጠላኝም ከእውነቱ ተነሥታ ትጥላኝ።

ይዘሻት ከመጣሽ ቀኑን አትንገሪኝ። ቀን ከነገርሽኝ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ አልችልም።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 10

ለልጄ፣

ነገርኳት።

እግሯን እያጠብኩላት ነበር። እናትሽ ሥልጠና አይደለም ያለችው፣ ሆስፒታል ናት፣ የታመመችው ስሜቷን ነው፣ ሐዘንና ቁጣ ሲመጣባት ከሌላ ሰው ይልቅ ይከብድባታል አልኳት። እግሯን ከሳፋው ሳታወጣ አውቃለሁ አለችኝ። ከየት አወቅሽ? ካልጋሽ ሥር ካለው መጽሐፍ። ገጽ አሥራ አንድን ከእኔ ቀድማ ጨርሳዋለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ያለ ጣት ታነባለች። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስዋሻት የኖርኩት ልቧ እያወቀ ነው። እኔን ላለማሳፈር ዝም ብላ ኖራለች።

ቀጥላ፣ "ያን ቀን በሩን በደንብ ስላላንኳኳሁ ነው?" አለችኝ።

አይደለም አልኳት። በደንብ አንኳኩተሻል፣ በማንኳኳት የሚመጣም የሚቀርም በሽታ አይደለም አልኳት። እሺ አለች። በማግስቱ ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ መለስኩላት። ዛሬም ጠይቃኛለች። እስኪበቃት እመልስላታለሁ። ግን የእኔ መልስ ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የምትመልሽላት አንቺ ነሽ።

ስለዚህ እንመጣለን። ቀኑን አትንገሪኝ ብለሽኛል። ዶክተሯን በስልክ ጠየቅኋት፤ ቀኑን ንገሪያት፣ ስትጠብቅ እኛ አጠገቧ አለን አለች። እሑድ ታኅሣሥ 22፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት። ትኬቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አውቶቡስ ቢበላሽ እደውላለሁ። ብታመም ለመምህሯ እነግራታለሁ፣ እሷ ይዛት ትመጣለች። ሌላ የምከለከልበት ነገር ካለም አሁን አይታየኝም።

ራስሽንስ አገኘሽ ወይ ብለሽኝ ቀልጄ አልፌው ነበር። መጽሐፉን ደግሜ አነበብኩት። ስም ማውጣት አይደለም ስላልሽኝ ስም አላወጣም። ሰው ሲቀርበኝ የማባርረው፣ ሲርቀኝ የምሰድበው ለምን እንደሆነ ግን ዶክተሯ ጊዜ ካላት አንድ ቀን እጠይቃታለሁ። ስድሳ አራት ዓመት መራር ሆኖ መኖር ሥራ ብቻ አያመጣውም።

እናትሽ

ታኅሣሥ 22፣ ከእናንተ ሕንፃ በር

ለልጄ፣

ይህን ነርሷ ናት የምትሰጥሽ፤ ወረቀቱም ብዕሩም የእሷ ነው። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሦስት ጊዜ ተመላልሳልናለች፤ አንቺ እንዳትቆጪያት።

ከመስኮቱ አይታችሁ ወደ አልጋዋ ተመለሰች፣ ዛሬ አልወጣም ብላለች አለችን። በሩ ላይ ቆመሽ ነበር፣ እጅሽ እጀታው ላይ ነበር ብላናለች። ልቆጣ ነበር። እዚህ ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ አብጦ፣ ልል ነበር። ዋጥኩት። ምን ብለሽ እንደምታስቢ የማውቅ ይመስለኛል፤ ብወጣ ትሄዳለች፣ አይታኝ ትሄዳለች፣ ሳልወጣ ከቀረሁ ግን የሚሄድብኝ የለም ብለሽ ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው። ተሳስቼም ይሆናል።

ወላቃዋ ትፈራን ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ደግሞም ትወደናለች፣ ሁለቱም ባንድ ላይ ይሆናል አልኳት። አሰበችና እኔም እንደዚያ ነኝ አለች። ጫማዋን አውልቃ አግዳሚው ላይ ጋደም ብላለች። የአዲሶቹ ጥርሶቿ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ አንዱ ትንሽ ጠመም ይላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ያስወጡናል። እኛ ስንወጣ ሄዱ እንዳትይ። ከመንገዱ ማዶ ክፍል ይዘናል፤ ከመስኮትሽ ሰማያዊው በር ይታያል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ ነን። ነገ ባትወጪ ከነገ ወዲያ። መምህሯ እኔንም ልጅቷንም ከትምህርት እስከ ዓርብ አስፈቅዳልናለች። ዓርብ መሄዳችን ነው፤ እሱንም አሁኑኑ ነግሬሻለሁ።

ልትጮሂብኝ ከሆነ ውጪና ጩኺብኝ። የምትይው ከሌለሽም ዝም ብለሽ ተቀመጪ። አግዳሚው ረጅም ነው። እኔ በዚህ ጫፍ ነኝ፣ እሷ በዚያኛው፤ መሃሉን ትተናል።

እናትሽ